ዜሮ ነጥብ ሰባት

ጭስ ቆጣሪው የሞተው በጭስ ነው። ይህን ሲሰማ ፈገግ ያላለ የዩኒቨርሲቲው ሰው ጥቂት ነው፤ ፈገግ ያለውም ወዲያው አፈረ። ሟቹ የዩኒቨርሲቲውን የካርቦን ልቀት የሚለካው ክፍል ኃላፊ ነበር። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ቤት ውስጥ ተዘርሮ ተገኘ። የአየር ማስወጫው ተዘግቷል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ክፍሉ ግን በጭስ ታፍኗል።

ያገኙት የሞተሩ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁሉም «አባባ ሞተሩ» የሚሏቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው ሽማግሌ። ሞተሩን ሳያጠፉ ሄደው ሰው ገደሉ፣ ሲመለሱ ደንግጠው አጠፉት ተባለና ታሰሩ።

መርማሪዋ እሁድ ጠዋት ስትመጣ እግሯ አብጦ ነበር። ሠላሳ ዓመት ወደ ሬሳ የተመላለሰ እግር ነው፣ ምን ይደረግ። መጀመሪያ የሄደችው ሽማግሌው ዘንድ ነው።

«አባባ፣ ሞተሩን ስንት ሰዓት አጠፉት?»

«ስድስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ፣ አጠፋሁት። ቆጣሪውን አንብቤ መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፣ ቤቴ ሄድኩ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያጠፋሁት ይመስለኛል፣ ልጄ። አርባ ዓመት ሳጠፋው የኖርኩት ነገር ስለሆነ የትኛው የትናንት፣ የትኛው የከትናንት ወዲያ እንደሆነ ተምታታብኝ። ሰውየውን በእርጅናዬ ገድዬው ይሆን?»

መርማሪዋ፣ ሲታሰሩ ከኪሳቸው የተወሰደውን መዝገብ ገለጠች። የመጨረሻው መስመር 4118.2 ይላል፤ ሞተሩ እስከዚያች ሰዓት የሠራው የሰዓት ብዛት ነው።

ከዚያ ጄኔሬተሩ ቤት ሄዳ፣ ቅዳሜ የታሸገውን በር አስከፈተች። የበሩ መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ማብሪያም እንዲሁ። ቆጣሪው ግን ውስጥ፣ ሞተሩ ራሱ ላይ ነው። ሁለቴ አነበበችውና ወጣች።

የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት ቢሮው ውስጥ አላስቀመጣትም፤ ራሷ ተቀመጠች።

«ዓርብ ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ተጨቃጨቅን እንጂ አልተጣላንም። ስምንት ዓመት ሙሉ ‹ልቀታችን በሩብ ቀነሰ› ስንል ከርመን፣ ሪፖርቱ ሰኞ ሊወጣ ሲል መጥቶ ‹የመጀመሪያው ዓመት አኃዝ በስህተት ተጋኖ ነው የተጻፈው፣ ምንም አልቀነስንም› አለኝ። ምን ልበለው? ‹እንግዲያው አርመው› አልኩና በሩን በኃይል ዘጋሁበት።»

«ስህተቱ የማን ነው?»

«አልነገረኝም። ‹ሰው ፊት አላዋርደውም፣ ቀድሜ ለብቻው ላናግረው› አለ።»

ቀጥላ መረጃ አጣሪውን ጠራች። ከነጥብ ኋላ ያለችን አኃዝ ያለ ጦርነት ስለማይለቅ «ነጥቡ» ይሉታል። ሪፖርቱ ላይ እያንዳንዱን ቁጥር የሚያሰፍረው እሱ ብቻ ነው።

«ጄኔሬተሩ ቤት ይሄዳሉ?»

«ካቻምና ነው የረገጥኩት። አኃዙን የምገለብጠው ከአባባ መዝገብ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። አባባ ሞተሩ በሁለት ፖሊሶች መካከል ነበሩ። መርማሪዋ ትናንት ማምሻውን የታተመውን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አራት ሰው ፈርሞበታል፤ ያነበብኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። አልፈርድባችሁም፣ እኔም ሁለቴ አዛግቼበታለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ቀጠለች።

«አባባ ስድስት ሰዓት ላይ 4118.2 ብለው ጻፉ። ቆጣሪው አሁን 4118.9 ይላል። ልዩነቱ ዜሮ ነጥብ ሰባት ነው፣ አርባ ሁለት ደቂቃ። ሞተሩ ሳይጠፋ እስከ አሥራ አንድ ቢቆይ ኖሮ አምስት ሰዓት ይጨምር ነበር። ስለዚህ ጠፍቶ ነበር። ኋላ አንድ ሰው ሟቹን ውስጥ ቀርቅሮበት አስነሳው፣ አርባ ሁለት ደቂቃ ጠበቀና አጠፋው።»

«ማን?» አለ ምክትል ፕሬዚዳንቱ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሪፖርቱ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ የሞተሩን ሰዓት 4118.9 ይላል። የአባባ መዝገብ ከቅዳሜ ጀምሮ በእኛ እጅ ነው፣ እሱም የሚለው 4118.2 ነው። ቤቱ ታሽጓል። ይህችን ዘጠኝ ቁጥር ከእኔ በፊት ያየ ሰው፣ ሬሳውን ተራምዶ ነው ያያት።»

ሁሉም ወደ ነጥቡ ዞሩ። መነጽሩን አወለቀ። ለመካድም የደከመው ይመስል ነበር።

«በደግነት ነው የነገረኝ» አለ። «ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ አስቀምጫለሁ። እኔ፣ ነጥቡ የምባለው። ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ሊታረም ነበር። ‹ና ቆጣሪውንም አብረን እንይ› ብሎ ቀድሞኝ ገባ። እጄ መቀርቀሪያውን ዘጋው።»

«መዝገቡን ከእኛ ጠይቀው ቢገለብጡ ኖሮ ማን ያውቅብዎት ነበር?»

«ሞተሩ እኮ ሠርቷል» አለ፣ ነገሩ ለሕፃን እንኳ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ። «ሃያ ስምንት ሊትር ናፍጣ ነድዷል። ሰባ አምስት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ደግሜ የተሳሳተ አኃዝ ላስገባ?»

ፖሊሶቹ ሽማግሌውን ትተው ወደ እሱ ሄዱ። መርማሪዋ አዘነች፤ ለሟቹም፣ ለዚህኛውም፣ ለእግሯም። አባባ ሞተሩ ተነሥተው እጅጌዋን ያዙ። ከተባለው ሁሉ የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም ደግመው መስማት ፈለጉ።

«ልጄ፣ አጥፍቼው ነበር ማለት ነው?»

«አጥፍተውታል፣ አባባ።»

ሽማግሌው ተቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ።