የመብሩካ ፓምፕ

«ፓስወርዱስ?» አለች መብሩካ።

ሲላስ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። «የምኑ?»

«የዋይፋዩ ነዋ! አንድ አምፖል ልጨምርበት ብዬ ነው።»

«እ... ቆይ... ረሳሁት መሰለኝ።»

ቲቸር ከድሩ ይህን አልሰሙም። ከኋላቸው ቆመው በሲላስ ትከሻ ላይ አጎንብሰው ቤቱን በማድነቅ ላይ ነበሩ። ቤቱ እውነተኛ ቤት አይደለም፤ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ለልምምድ በተሠራ ፕሮግራም የተገነባ ነው። ግን እንዴት ያለ ቤት! በሩ በስልክ ይከፈታል። መኪና ሲመጣ የጋራዡ መዝጊያ ራሱ ይነሳል። ጭስ ከተነሳ መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈታል። ሣር ላይ ውኃ የሚረጭ ነገር እንኳ አለው። ይህ ሁሉ ዕቃ ከአንድ ራውተር ጋር ተገናኝቶ፣ ለአንድ ስልክ ይታዘዛል።

«ማሻ አላህ! ይሄን ሁሉ ብቻህን?» አሉ ቲቸር ከድሩ።

«በወንድሜ ላፕቶፕ ነው ቲቸር። ቤት ሆኜ ስነካካ...»

«በቃ የነገው ውድድር አለቀለት! ቆይ ለዳይሬክተሩ ልንገራቸው» ብለው፣ ሰው የሚቀድማቸው ይመስል እየተጣደፉ ከክፍሉ ወጡ።

መብሩካ ግን ደስታው አልገባላትም። ቤት የሠራ ሰው የቤቱን ቁልፍ ይረሳል? ዝም ብላ ራውተሩን ልትከፍተው ሞከረች። ተቆልፏል። ሲላስ ቶሎ ብሎ ማውዙን ከእጇ ወሰደ። ያን ጊዜ ገባት።

ከትምህርት ቤቱ በር እንደወጡ ፊት ለፊት ጠየቀችው፤ እሱም ብዙ አላንገራገረም።

«ከቴሌግራም ነው ያወረድኩት። የሆነ የኮሌጅ ልጅ የሠራው ነው። ማን ያውቃል?»

«የኛስ? አብረን የሠራነው ግቢስ?»

«የኛማ ፓምፑ አይሠራም! አቦ መብሩካ፣ አታካብጂ። ማሸነፍ አትፈልጊም?»

እሱ ላይ ነው ችግሩ፤ ትፈልጋለች። በማግስቱ ቅዳሜ የቡራዩ፣ የሱሉልታና የሰበታ ትምህርት ቤቶች ሰበታ ላይ ይገናኛሉ። አሸናፊው ቡድን ክረምቱን ኮሌጅ ገብቶ ይሠለጥናል፤ እውነተኛ ራውተር እየፈታ፣ እውነተኛ ኬብል እየቆረጠ። መብሩካ ቤቷ ኮምፒውተር የለም። ከትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ሌላ ኪቦርድ የምትነካበት ቦታ የላትም። ይህን ክረምት የፈለገችውን ያህል ምንም ነገር ፈልጋ አታውቅም፤ ስለዚህ ለሲላስ እሺም እምቢም ሳትል ወደ ቤቷ ሄደች።

የመብሩካ ቤተሰቦች የሚኖሩት አከራያቸው ወይዘሮ፣ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ አደ ቦሰና የሚላቸው፣ ግቢ ውስጥ ነው። ከፊት የአደ ቦሰና ትልቁ ቤት አለ፣ ከጓሮ ደግሞ በረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች። መካከል ላይ ትልቅ ጥቁር የውኃ ሮቶ በብረት ቆጥ ላይ ተሰቅሏል። እሷና ሲላስ በፕሮግራሙ ውስጥ የሠሩት ይህንኑ ግቢ ነበር፤ ራውተሮቹን፣ በሩን፣ በሩ ላይ ያለውን አምፖል፣ ሮቶውን ሳይቀር። ሐሳቡ የእሷ ነው። የገፈርሳ ግድብ አፍንጫቸው ሥር ተኝቶ አዲስ አበባን ያጠጣል፤ የነሱ ቧንቧ ግን ውኃ የሚያመጣው ደስ ባለው ቀን፣ ያውም ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው። ፓምፑን የሚያስነሳ ሰው ነቅቶ ካልጠበቀ ሮቶው ባዶውን ይቀራል። የመብሩካ ግቢ ግን ማንንም አያስጠብቅም። ቧንቧው ላይ ያለው ሴንሰር ውኃ ሲመጣ ያውቃል፣ ፓምፑ ራሱ ይነሳል፣ ለሁሉም ስልክ መልእክት ይደርሳል።

እንዲህ መሆን ነበረበት። ፓምፑ ግን አሻፈረኝ አለ። ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቻለሁ ይላል፤ ስልኩ ላይ የዕቃዎቹ ዝርዝር ሲከፈት ግን ሴንሰሩ አለ፣ አምፖሉ አለ፣ በሩ አለ፣ ፓምፑ የለም።

ማታ እናቷ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አደ ቦሰና ዛሬ ውኃ ሳይመጣ አይቀርም ብለዋል፤ የመጠበቁ ተራ ደግሞ የእሷ ነው፣ ጎኗን አታሳርፍም።

«ያ ፓምፕሽ ተነሳ?» አለቻት።

«አልተነሳም እማ።»

«ነገ ይነሳላ» አለች እናቷ፣ ልጇ ያለችውን ሁሉ ማድረግ እንደምትችል በማያጠራጥር ድምፅ። «ሲነሳ ደውለሽ ንገሪኝ። እኔ ነኝ መጀመሪያ መስማት ያለብኝ።»

መብሩካ ያን ጋራዥ ያለውን ቤት አሰበችው። በሱ ቢያሸንፉ እናቷ ፓምፑስ ብላ ስትጠይቅ ምን ትላታለች? አንገቷን ደፋች። ሐፍረት ተሰማት፣ ገና ምንም ሳታደርግ።

በማግስቱ በአየር ጤና በኩል ወደ ሰበታ ሲሄዱ ቲቸር ከድሩ ጋቢና ተቀምጠው ከሾፌሩ ጋር ጨዋታ ይዘዋል። መብሩካና ሲላስ የመጨረሻው ወንበር ላይ ናቸው። ዓለም ገና ላይ ሚኒባሱ በባጃጆች ተከቦ ሲቆም፣ መብሩካ ከቤቷ ጀምሮ አፏ ውስጥ የያዘችውን ተናገረች።

«የራሳችንን ነው የምከፍተው።»

«ምን? አብደሻል እንዴ? ፓምፑ እኮ...»

«አውቃለሁ። ያንን ካልተውክ ብቻህን አቅርበው። የኔን ስም ግን አውጣልኝ።»

 ሲላስ እስከ ሰበታ ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ቀረ። መብሩካ ጀግና ነኝ የሚል ስሜት አልነበራትም። ፈርታለች። ጓደኛዋንም ውድድሩንም በአንድ ጠዋት ያጣች መስሏታል።

አዳራሹ ውስጥ መምህራኑ ከኋላ ተቀመጡ፤ ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ኮምፒውተር ያዙ። ዋናዋ ዳኛ ኢንጂነር ፀደንያ፣ ዳኝነቱ ከመጀመሩ በፊት ሥራችሁን አስተካክሉ ብለው ጊዜ ሰጡ። መብሩካ ፍላሿን ሰካችና ግቢውን ከፈተችው። ሲላስ ወንበሩን ትንሽ አሽሽቶ፣ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።

ፓምፑን ሰረዘችው። እንደገና አስገባችው። ፓስወርዱን በጥንቃቄ ጻፈች። ፓምፑ ተገናኝቻለሁ አለ፤ ዝርዝሩ ላይ ግን አሁንም የለም። ደግማ ሞከረች። የለም። አጠገባቸው ያሉት የሱሉልታ ልጆች መብራታቸውን እያበሩ እያጠፉ ይሳሳቃሉ። የመብሩካ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ተገናኝቷል ይላል እኮ! ታዲያ የት ሄደ?»

ሲላስ በጎን ሲያያት ቆየ። ከዚያ ወንበሩን እየጎተተ ተጠጋ።

«መብሩካ፣ የሆነ ነገር ልጠይቅሽ። እናንተ ግቢ ስመጣ ስልኬ ለምንድነው ሁሌ የሚጃጃለው? በር ላይ ዋይፋይ ይይዛል፤ እናንተ ክፍል ስገባ ይንቀራፈፋል። አጥፍቼ ካላበራሁት አይነቃም።»

«የፊተኛውን ራውተር ሙጭጭ ብሎ ይዞ ስለሚቀር ነዋ። የፊት አለ፣ የጓሮ አለ። ስማቸውም ፓስወርዳቸውም አንድ ነው። አደ ቦሰና፣ ለአንድ ግቢ ሁለት ፓስወርድ ማን ይሸመድዳል ብለው...»

ቃሉን አልጨረሰችውም። እጇን በአፏ ጫነች።

ግቢውን ከነአመሉ ገልብጣው ነበር! ሁለት ራውተር፣ አንድ ስም፣ አንድ ፓስወርድ፣ ልክ አደ ቦሰና እንዳሉት። ሴንሰሩ በሩ አጠገብ ስለቆመ የፊተኛውን ያዘ። ፓምፑ ጓሮውን ስለተጠጋ የኋለኛውን ያዘ። ስልኩ የሚያሳየው ዝርዝር ደግሞ የፊተኛው ራውተር ላይ ያሉትን ብቻ ነው። ሁለቱም ዕቃዎች ተገናኝተናል ሲሉ አልዋሹም፤ የተገናኙት ግን ለየብቻቸው ነው።

«የጓሮውን ስም ቀይሪው!» አለ ሲላስ ቂሙን ሁሉ ረስቶ።

«እሱን ብቀይር የፊተኛው ዋይፋይ እስከ ፓምፑ አይደርስም።»

«ታዲያ ኬብል ሳቢዋ! ከፊተኛው ራውተር ቀጥታ ፓምፑ ድረስ። በምናብ ግቢ ውስጥ ማን ሊረግጥብን ነው?»

መብሩካ ሳቀች። ከትናንት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። የጓሮውን ራውተር «ጓሮ» ብላ ሰየመችው፣ እሱ ኬብሉን ሳበ፣ ዝርዝሩን አብረው ከፈቱት። ሴንሰር። አምፖል። በር። ፓምፕ።

«አለ!» ብለው እኩል ጮሁ፤ የአዳራሹ ተቆጣጣሪም እኩል ገላመጧቸው።

ኢንጂነር ፀደንያ ከቡድን ወደ ቡድን እየዞሩ መጡ። በየስክሪኑ ላይ ቪላ ነበር፤ ጋራዥ ያለው፣ ፎቅ ያለው፣ መዋኛ ያለው። አንዱም ቤት ተከራይ አልነበረውም። የነሱ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይሄ ምንድነው? ቤት ነው መንደር?»

«ግቢ ነው» አለች መብሩካ። ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ስለ ውኃው መናገር ስትጀምር ግን እንደ ልቧ ሆነ። ሴንሰሩን አሳየች፣ ሮቶውን አሳየች፣ የአንድ ስም ሁለት ራውተር እንዴት እንዳሳሳታቸውም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ጥሩ» አሉ ኢንጂነሯ። «ሁሉንም ቡድን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ግቢያችሁ እንግዳ መጣ እንበል። ስልኩን ከዋይፋዩ ጋር አገናኙለት።»

ሲላስ መብሩካን አያት። ያንን የቴሌግራሙን ቤት ከፍተው ቢሆን ኖሮ እዚህች ጋ ነበር የሚያበቃላቸው፤ የእንግዳውን ስልክ ይዘው ቆመው ይቀሩ ነበር። መብሩካ ፓስወርዱን በጆሮው ነገረችው። እሱ ጻፈው፤ እንግዳው ወዲያው ገባ።

«አሁን ውኃ መጣ እንበል» አሉ ኢንጂነሯ።

መብሩካ ማውዙን ያዘች። ቧንቧው ላይ ያለውን መጠን ከዜሮ ከፍ አደረገችው። ሴንሰሩ አረንጓዴ ሆነ። ለቅጽበት ምንም የለም። ከዚያ ፓምፑ ዞረ! ሮቶው ውስጥ ሰማያዊው ቀለም ከሥር መነሳት ጀመረ፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። የአከራይዋ ስልክ፣ የተከራዮቹ ስልክ፣ የእንግዳው ስልክ ሳይቀር ተራ በተራ መልእክት አወጡ፦ «ውኃ መጥቷል፤ ሁላችሁም ተኙ።»

ኢንጂነር ፀደንያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው። ይሄን ይዤው ልሂድ?» አሉ። በየቤቱ ውኃ የሚጠበቅ ነውና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ የሱሉልታ ልጆች ወንበራቸውን ትተው መጥተው ሮቶው ሲሞላ አዩ። አንዷ እንዲያውም «በናትሽ ድገሚው!» አለች። መብሩካም ውኃውን አጥፍታ እንደገና አመጣችው። እንደገና ሞላ።

ውጤቱ ሲነገር «ቡራዩ!» ተባለ። መብሩካ መጀመሪያ ያደረገችው ስልኳን አውጥታ መደወል ነበር። «እማ፣ ተነሳ!» አለች። ከወዲያኛው በኩል የሰማችው እልልታ ስልኩን ከጆሮዋ እንድታሸሽ አደረጋት።

ቲቸር ከድሩ ከኋላ እየሮጡ መጥተው ሁለቱንም አቀፏቸው። «ባያ ገለቶማ፣ በጣም አመሰግናችኋለሁ! አኮራችሁን!» ቀጥለው ግን ግንባራቸው ተቋጠረ። «ቆይ፣ ያ ቤትስ? ጋራዥ ያለው የሲላስ ቤት? እኔ እኮ ለዳይሬክተሩ ነግሬ... መብሩካ፣ አንቺ ነሽ የቀየርሽው?»

«አዎ ቲቸር፣ እኔ ነኝ።»

«የጓደኛሽን ልፋት? ሳታማክሪኝ?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃታል። ወደ ሲላስ ዞረች፤ የማውዙን ገመድ ጣቱ ላይ እየጠመጠመ አንገቱን ደፍቷል። ይህን መናገር የእሱ ፋንታ ነው ብላ አሰበችና መልሷን ዋጠችው። ቲቸር ከድሩ ቅር ብሏቸው ሲያዩዋት ከበዳት።

«ቲቸር» አለ ሲላስ በመጨረሻ።  «ያ ቤት የኔ አይደለም። ከቴሌግራም ነው ያወረድኩት። ፓስወርዱን እንኳ አላውቀውም። እሷ ትናንትም ታውቅ ነበር።»

ቲቸር ከድሩ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩ። ሊናገሩ ሲሉ ኢንጂነር ፀደንያ ስልካቸውን ይዘው ደረሱ።

«ለክረምቱ ሥልጠና ስም ልመዝግብ። ማን ማን ነው የሚመጣው?»

«እንግዲህ...» አሉ ቲቸር ከድሩ፤ ከዚያ ረጋ ብለው ወደ መብሩካ ዞሩ። «አንቺ ንገሪያቸው። ሥራውን ያዳንሽው አንቺ ነሽ።»

ሲላስ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አድርጎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ነበር። መብሩካ አየችው። ንዴቷ ገና ጨርሶ አልወጣላትም፤ ዓለም ገና ላይ የሆነውም አልተረሳትም። ቦርሳውን በማሰሪያው ይዛ ወደ ፊት ሳበችው።

«ሁለት ነን» አለች። «ይጻፉልን፤ መብሩካ የህያ፣ ሲላስ እውነቱ።»