የክብሮም ሽንኩርት

«ሽንኩርቱ ወጥቷል። የእኔ መሆኑን ግን ለማንም እንዳትናገር!» አለ ክብሮም፣ በስልኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሚልካ የሒሳብ ደብተሯን እንደያዘች ከክፍሉ በር ሥር ቀጥ አለች። ወንድሟ ኮምፒውተር ጠጋኝ እንጂ ገበሬ አይደለም። ቤታቸው እዚሁ ቆቦ ከተማ፣ ከሽንኩርት ነጋዴው ከእሸቴ ግቢ ፊት ለፊት ነው፤ አንድ ጥማድ መሬት እንኳ የላቸውም። በዚያ ላይ ሰሞኑን ከሮቢት ማሳዎች ሽንኩርት በጆንያ ይሰረቃል ተብሎ የከተማው ወሬ ሁሉ ይኸው ሆኗል።

እናቷ ለተ ሚካኤልም ሰምታ ኖሯል። «ላም ባልዋለበት ኩበት! የምን ሽንኩርት ነው ደግሞ?» አለችና ነጠላዋን አጣፋች። «አባትሽን ከሱቅ ልጥራው። ሌባ ወልጄም ከሆነ ዛሬውኑ ይለይልኝ!»

ሚልካ ፈራች። አባቷ ገብረ ኪዳን ሳይጠይቅ የሚቆጣ፣ ሳይሰማ ፖሊስ ጣቢያ የሚያደርስ ሰው ነው። እሱ ሳይመጣ እውነቱን ማወቅ አለባት። በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና ከውስጥ ቆለፈችው።

ጆንያ የለም፤ ሽንኩርት የሚባል ነገር የለም። አሮጌ ኮምፒውተር ብቻ ያጓራል። በመስኮቱ ስንጥቅ ትንሽ ካሜራ ወደ እሸቴ ግቢ ተደግናለች።

«ሽንኩርቱስ?»

ክብሮም ሳቀባት። «ፋራ! የድረ ገጹ አድራሻ እኮ ነው። መጨረሻው በእንግሊዝኛ ሽንኩርት ይላል። ቶር በሚባል መረብ ስለሚሄድ ማን እንደከፈተው አይታወቅም። የማንም ኩባንያ እጅ የለበትም፤ ያለው እዚችው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እሸቴ የገበሬውን ሽንኩርት ሲመዝን ኪሎው እንዲያንስ ሚዛኑን ከሥር በእግሩ ይደግፋል፤ ይኸው በቀጥታ ይታያል። ሚካኤልን፣ አንዲት ራስ ሽንኩርት አልሰረቅሁም!»

ሚልካ እፎይ አለች። ጠጋ ብላ ስታይ ግን ምስሉ እየተንቀራፈፈ የክፍል ጓደኛዋን ሀሊሜን አመጣት። ሀሊሜ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ሽንኩርት ትለቅማለች። ከጆንያው ክምር ጀርባ ተከልላ ሻሿን ፈትታ እንደገና ታስራለች፤ ማንም የማያያት መስሏታል።

«ይህን ማን ነው የሚያየው?»

«እኔ እንጃ። እነሱ አያውቁኝም፤ እኔም አላውቃቸውም።»

«ፊትህን ደብቀህ የሀሊሜን ፀጉር ታሳያለህ? አታፍርም?»

«አቦ አትነጅሺኝ!»

«ክብሮም! ውጣ!» አለ አባታቸው ከውጭ። በሩ ተንኳኳ፤ ቀጥሎ ተደበደበ።

ክብሮም እጇን ያዛት። «ሒሳብ እያስረዳሁሽ ነው በይው። እንዳትነግሪው፣ በናትሽ! ካወቀ ይዘጋዋል፤ ገበሬውም እንደተበላ ይቀራል።»

ሚልካ እጇን አስለቀቀች። ካሜራዋን ይዛ ወደ ታች አዘነበለቻት፤ ሀሊሜ ከምስሉ ጠፋች፤ ሚዛኑና የእሸቴ እግር ብቻ ቀሩ። ከዚያ ሄዳ በሩን ከፈተች።

«አባዬ፣ ሌባው ክብሮም አይደለም» አለችው። «ግባና እይ።»