ኔሪሻ የጠራችው ቁጥር

ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ሲቆም ኔሪሻ ማይክራፎኑን አፏ ጋ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ።

ቀዩ መኪና በመኪና ጉልበት መለኪያው ማሽን ተሽከርካሪ ሮለሮች ላይ ታስሮ ሲያጓራ ቆይቶ ገና ጸጥ ማለቱ ነው፤ የኋላ ጎማዎቹ ይጨሳሉ። ከገመዱ ወዲያ የቻትስዎርዝ ሰፈር ሰው ግማሹ የተሰበሰበ ይመስላል፤ ዳቦ ውስጥ የተሞላውን የባቄላ ካሪ ወጥ በእጁ እየቆረሰ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሏል። ስክሪኑን ከእሷ በቀር የሚያየው የለም። ማሽኑን የሚያሠራው ሰውዬ ጆሮውን ደፍኖ መኪናው ውስጥ ነው። የእሁድ ደንቡ ይኸው ነው፤ ጎማው ላይ የደረሰው ጉልበት በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ የተጠራ ቁጥር ደግሞ ሰኞ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተላል። ድምፅሽ ጥርት ያለ ነው ብለው አቆሟት እንጂ፣ በዚያ ፀሐይ ባርኔጣ የሰጣት እንኳ የለም። ጠዋትም ሻይዋን በቅጡ አልጠጣችም።

ይኸው መኪና ባለፈው ዓመት፣ በአሮጌው ካምቢዮ፣ ሁለት መቶ አርባ ስምንት የፈረስ ጉልበት አውጥቷል። አሁን የተገጠመለት ጠንካራ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ታላቅ ወንድሟ ፕሬጋን ጓሮ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ የሠራው ነው። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው! እናታቸው ጎማዎቹ ሥር ሎሚ አስቀምጣ፣ ካምፎር አብርታ፣ እንዲቀናው መርቃ ነው የሸኘችው።

«ምነው ዝም አልሽ? ተበላችሁ እንዴ?» አለ ታሺል ከገመዱ ወዲያ። የክፍሏ ልጅ ነው። አርብ ዕለት ልጆቹ ሁሉ ባሉበት «የወንድምሽ ካምቢዮ ጉልበት ይበላል፤ ሼም ነው የምትከናነቡት» ብሏት ሙድ ሲይዙባት ውለዋል።

ፊቷ ጋለ። ልጅ ናትና ምላሷ ከልቧ ቀደመ።

«ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት!»

ግቢው በፉጨት ቀለጠ። ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ ስክሪኑን ለሚቀጥለው ሲያጠራ ቁጥሩን ልብ አላለውም። የመኪናው ባለቤት አንክል ማኒ ፕሬጋንን ትከሻውን አቅፎ እየወዘወዘ፣ «አንተ ቀልደኛ! ጉልበቱ ይወርዳል አላልከኝም ነበር?» እያለ ይስቃል። ወዲያው ሌላ ሰው መጣ፤ «የኔንም እንደሱ አድርግልኝ፣ ጉልበት ጨምርልኝ» አለ። ፕሬጋን ግን አልሳቀም። እህቱን ነበር የሚያየው።

መጥቶ ማይክራፎኑን በመዳፉ ደፍኖ አጠገቧ ቆመ። «ስክሪኑ ስንት አለ?»

«ጠራሁት እኮ፣ አና።» ታላቅ ወንድሟን «አና» ነው የምትለው።

«የጠራሽውን አልጠየቅኩሽም።»

ወደ ጫማዋ አቀረቀረች። «ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ። ይስቁብሃል ብዬ ነው።»

«ይሳቁ!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጉልበት የሚወልደው ሞተር ነው። ካምቢዮ ሲያሳልፍለት የራሱን ይቆርሳል፤ ይሄኛው ጠንካራም ከባድም ስለሆነ በርከት አድርጎ ይቆርሳል። ግን ውድድር ላይ እንደ አሮጌው አይሰበርም። ለአንክል ማኒ አንድ በአንድ ነግሬዋለሁ። አሁን እሱ ፊት ውሸታም አልሆንኩም?»

ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ።

ከዛፉ ጥላ ሥር አንክል ቪጄ ተነሡ። በሰፈሩ መኪና ሲያበጁ ያረጁ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ዝም ይላል።

«ካምቢዮ ጉልበት የወለደው የት አገር ነው?» አሉ። «መኪናው ማሽኑ ላይ የታሰረበትን ቀበቶ ነካክታችሁ ነው ቁጥሩ የጨመረው። አንተ ልጅ፣ ገና ስትጀምር ማጭበርበር?»

ሰዉ ወደ ፕሬጋን ዞረ፤ አንክል ማኒም መጥቶ እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። አሁን ይናገራል፣ እሷ ናት ይላል አለች ኔሪሻ በልቧ።

ፕሬጋን አንዴ አያት። «ስናስረው አበላሽቼው ይሆናል፣ አንክል» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

የአንክል ማኒ እጅ ከትከሻው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም፤ እጁን ኪሱ ከተተ፣ በቃ። የኔንም አድርግልኝ ያለው ሰው ዞሮ ሄዶ ነበር። ታሺል አንገቱን አስግጎ ያያል፤ አሁን እሱም አይስቅም። የኔሪሻ ዓይን እንባ ሞላ።

ቀጣዩ መኪና ወደ ሮለሮቹ መጠጋት ጀመረ። እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ምንድነው?» አለ ሹፌሩ በመስኮት።

የስክሪኑን መቆሚያ በሁለት እጇ ጨብጣ ገፋችው። እግሩ ሲሚንቶው ላይ ተንቋቋ፤ ከበዳት፣ ደግማ ገፋችው፣ ፊቱ ወደ ሰዉ እስኪዞር።

«አንክል ማኒ» አለች ማይክራፎኑን መልሳ አንስታ፤ ድምፅ ማጉያው መንቀጥቀጧን ሳይቀር ለግቢው አደለው። «ቀዩን መኪና ወደ ማሽኑ መልሱልኝ። አናዬ ምንም አላበላሸም፤ ቁጥሩን የዋሸሁት እኔ ነኝ። አሁን እናንተው አንብቡት።»

ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ሁሉም ሊያያት ከሚችልበት ቦታ ሳትንቀሳቀስ፣ መኪናው እስኪመጣ ቆማ ጠበቀች።