በሌሊት ያደገው ዋንዛ

መምህር አንለይን የገደለው ዋንዛ በአንድ ሌሊት አድጓል ብሎ የማያምን ሰው በሰፈራ መንደሩ አልነበረም ማለት ይቻላል። መቶ አለቃ ወርቅአፈራሁ ከወታደሮቹ ጋር ከአሶሳ በጭነት መኪና ሲደርስ ሬሳው ከቅርንጫፍ ሥር ወጥቶ በጋቢ ተሸፍኗል። አጠገቡ ደፍሮ የቆመ ግን የለም። ሰዉ የወደቀው ዛፍ እንዳይሰማው በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው።

አንለይ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበር። ለአዲሱ ትምህርት ቤት ምሰሶ ዋንዛው ይቆረጥ ሲባል፣ ለተማሪዎቹ ሰፋሪዎች የሒሳብ ማስተማሪያ አደረገው። «የሰው ጥላ ከቁመቱ እኩል በሚሆንበት ሰዓት የዛፉም ጥላ ከዛፉ እኩል ነው» አላቸው። በጥላው ጫፍ ላይ የሽመል ችካል ተተከለ፤ ዛፉ ሲወድቅ ከዚያ አያልፍም ማለት ነው። በማግስቱ ተማሪዎቹን ከችካሉ ወዲያ አስቀምጦ እሱ ከፊታቸው ቆመ። ዋንዛው ግን ችካሉን አልፎ መጣ።

የመንደሩ ካድሬ ጥፋተኛውን አስቀድሞ አግኝቷል። የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታው ሽማግሌ ዐወድ እጁን የኋሊት ታስሮ ከመኪናው ጎን ተቀምጧል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ዛፉን እንዳትነኩ እያለ ሲያስፈራራ ሁሉም ሰምቷል። ፀረ-ሕዝብ ነው፣ አብሮህ ይሄዳል።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ መኪና ላይ የወጣ ሰው ወሬውም አይመለስም።

«እኔ ዛፍ አትቁረጥ አለ፣ ሰው ግደል አላለም፣ ወላሂ» አለ ዐወድ። «የአባቶች ዛፍ ነው። ግን ዛፍ በአንድ ሌሊት አያድግም።»

«ሼህ ዐወድ፣ እኔም የማስበው እንደዚያው ነው» አለው መቶ አለቃው።

ከጉቶው ተነስቶ ግንዱን ተከትሎ ሄደ። የሽመሉ ችካል ገና ቅርንጫፉ በሚጀምርበት ቆሟል። አልፎት እስከ ዛፉ ጫፍ ዘለቀና ቅጠሉን ገለጥ አደረገ። አፈሩ አንድ ቦታ ላይ ለስልሷል። በጣቱ ሲቆፍረው ጠባብ ጉድጓድ ወጣች፤ ውስጧ የሽመል ስንጣሪ ቀርቷል። ቦታውን የለወጠው ችካሉ ነበር። በተመነጠረ ሜዳ ላይ ሁሉም ቦታ ስለሚመሳሰል ልብ ያለው አልነበረም።

ዛፉን የቆረጠውን የባምባሲውን ሞቱማን ጠራው።

«ችካሉ አጠገብ ማንን አየህ?»

«በቃሉን፣ የመጋዘኑን ሰው። ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ባለው ቀን፣ ምሳ በልቼ መጥረቢያዬን ስስል እዚያ ጎንበስ ብሎ ነበር።»

የእህል መጋዘን ኃላፊው በቃሉ ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ነው። ሲጠየቅ አልደነገጠም።

«አዎ፣ ከአንለይ ጋር ጥላውን ለክተን ችካሉን ስንተክል ነው ያየኝ። ነፍሱን ይማረውና።»

«ከምሳ በኋላ?»

«ከምሳ በኋላ።»

ወርቅአፈራሁ አመስግኖት መጋዘኑን ለማየት ጠየቀ። ራሽን የሚሰፈርባትን ጣሳ አንስቶ ገለበጣት። ቂጧ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ ገብቷል። ይዟት ወጣ።

ሰዉ ሁሉ ዋንዛው ዘንድ ተሰበሰበ። መጀመሪያ ጉድጓዷን አሳያቸው። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

«ከምሳ በኋላ የዛፍ ጥላ ወዴት ይወድቃል?»

ክፍል ውስጥ እንዳለች እጇን ያወጣችው የበቃሉ ሚስት አሰለፈች ናት። አንለይ ከሞተ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«ወደ ምሥራቅ። ወደ ምዕራብ የሚሆነው ጠዋት ነው። እኛም የለካነው ጠዋት ነው፣ ችካሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

«ችካሉ ያለው በምዕራብ ነው» አለ መቶ አለቃው። «በቃሉ ግን ከምሳ በኋላ ከመምህሩ ጋር ሆኜ ተከልኩት አለኝ። በዚያ ሰዓት እዚህ ጋ የሚለካ ጥላ የለም። ከትምህርቱ ስለቀረ ውሸቱን ማሳመር አልቻለም። ወደዚህ የመጣው ችካሉን ነቅሎ ወደ ጉቶው ሊያስጠጋው ነው።» ጣሳዋን ከፍ አደረገ። «ምክንያቱም ይቺ ናት፤ የእናንተን ጉርሻ ስትቀንስ የኖረች።»

አሰለፈች ባሏን አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አንለይ በሚቀጥለው ትምህርት መስፈሪያ እንማራለን፣ ጣሳህን አምጣ ብሎሃል ብዬ የነገርኩህ እኔ ነኝ» አለች። «በቃሉ፣ ዛፉ በተቆረጠበት ጠዋት እንስራው ሙሉ ሳለ ወንዝ ውረጂ ብለህ የጮህክብኝ ለዚህ ነው?»

በቃሉ አቀረቀረ።

«ውሃ ስላለ አልወረድኩም። ከፊት ነበር የተቀመጥኩት። ገፍትሮ ያወጣኝ አንለይ ነው፤ ሲገፈትረኝ የጮኸው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።»

የዐወድን ገመድ ሞቱማ ፈታው፤ ካድሬው አልከለከለውም።

«አንቺ እንድትሞቺ አልፈለግሁም» አለ በቃሉ በቀስታ።

«ሌሎቹስ?»

ሰዉ ሁሉ እሱን ያይ ነበር። ወታደሮቹ ክንዱን ይዘው ወደ መኪናው ሲወስዱትም አሰለፈች ተከትላ ያንኑ ጠየቀችው።