የሳሎኑ ኮምፒውተር ድርሻ

እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጅቷን ያሳደጓት ሴት አያቷ ናቸው። ብርድ እንዳይመታት፣ ሰው እንዳያታልላት ሲሰጉ ሲባትቱ አደገችላቸው። አሁን እናቷን ለቀጠፈው የሳንባ በሽታ መድኃኒት የምትፈልግ ተመራማሪ ሆናለች።

ችግሩ፣ በኮምፒውተር መፈተሽ ያለባቸው የኬሚካል ውህዶች ሁለት ሚሊዮን ናቸው። የቤተ ሙከራው ኮምፒውተር ብቻውን ዘጠኝ ዓመት ይፈጅበታል። አለቃዋ የሰጧት ሦስት ወር ነው፤ ከዚያ ጥናቱ ይዘጋል።

«ለምን አናከፋፍለውም?» አላት ኮምፒውተር ሊጠግን የመጣ ወጣት። «በየቤቱ ሥራ ፈቶ የሚውል ኮምፒውተር ስንት አለ! ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እንላክለት።»

ቀና ብላ አየችው። እሱ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ መፍቻው መለሰ።

አያትየው ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው የሳሎናቸውን ኮምፒውተር ሰጡ። ጠጋኙን ግን አልወደዱትም።

«መፍቻ ይዞ ገብቶ ልጄን ይዞብኝ ሊወጣ!»

ከየቤቱ አራት መቶ ስድስት ኮምፒውተር ተገኘ። አያትየው የሳሎኑን ጠዋት ጠዋት ይዳብሱታል፤ ከጋለ «ምስኪን፣ ትኩሳት ይዞታል፤ ትንሽ ይረፍ» ብለው ይነቅሉታል። የጀመረውን ሳይጨርስ ይቀራል።

ቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ሲቀረው ፍተሻው አለቀ። አሥራ አንድ ውህዶች ተስፋ ሰጡ፤ ጥናቱም እንዲቀጥል ተፈቀደ። ልጅቷ ማን ምን እንደሠራ መዝገቡን ስታይ ግን ደነገጠች። የሳሎኑ ኮምፒውተር አንዲት ድርሻ እንኳ አልጨረሰም። የእሱን ድርሻ ሁሉ የጨረሰው የጠጋኙ የግል ኮምፒውተር ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እማማ ከልባቸው ነው የሰጡን። ኮምፒውተራቸውን ከዝርዝሩ ሰርዘን እናሳፍራቸው?»

ቀና ብላ አየችው። በዚህ ጊዜ ግን ዓይኑን አላሸሸም።

ማታ ቤት ገብታ ሁሉን ነገረቻቸው። አያትየው ሄደው የሳሎኑን ኮምፒውተር መሰኪያ መልሰው ሰኩት።

በሳምንቱ ጎረቤቱን ሁሉ ሳሎናቸው ሰበሰቡ። «ለዓለም የሚሆን መድኃኒት የምትፈልገው የኔ ልጅ ናት!» እያሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያወሩ ጠጋኙ በር ላይ ታየ።

«ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ፣ ልጄ!»

ገባና ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠ። አያትየው ግንባሩን ዳበሱት።

«ውይ፣ አንተም ትኩሳት ይዞሃል።»

«ይዞኛል፣ እማማ» አለ ልጅቷን እያየ።

«እንግዲያው ጋል» አሉ አያትየው። «እኔ ሁለተኛ አልነቅልም።»