ያልቆሸሸችው ካርድ

ኦርቪል ሃንቻሩክ የሞተው ማስቲካውን ሳይተፋ ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ምስል ያለባቸውን ካርዶቹን በሚያከማችበት ምድር ቤት ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ስር ወድቆ፣ ጀርባው እንደ ደጋን ተወጥሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ተገኘ። ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ነበረ። በትንሿ ከተማችን በዊሎው ቤንድ ግን ያንን ፈገግታ ነው ብሎ የተሳሳተ ሰው የለም፤ ኦርቪል ፈገግ የሚለው ሌላ ሰው ሲያመው ብቻ ነበርና።

እኔ ከመንገዱ ማዶ ነው የምኖረው። ሃያ ስድስት ክረምት በረዶ አብረን ጠርገናል። ማለቴ፣ እኔ ስጠርግ እሱ በመስኮት ሆኖ የቀረኝን በጣቱ ያሳየኝ ነበር።

ሐኪሙ ሬሳውን ገና ከደጃፍ ሆኖ ሲያይ «የጎፈር መርዝ» አለ። ጎፈር ማሳችንን የሚቦረቡረው የሜዳ አይጥ ነው። በመርዙ ውሻ የሞተበት ገበሬ ሁሉ አሟሟቱን ያውቀዋል። ከመከልከሉ በፊት የተገዛ ጣሳ ደግሞ በየጎተራው ተቀምጧል፤ የእኔንም ጎተራ ጨምሮ።

ወጣቱ ፖሊስ ብዙ አልተመራመረም። ኦርቪል ሲሞት አጠገቡ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሰባ ሁለት ዓመቱ ዌንዴል ስቶርጋርድ። መርዙ የነበረበትን፣ ካርድና ማስቲካ አብረው የታሸጉበትን ፓኬት ያመጣውም ዌንዴል ነው። ካቴና አጠለቀለት። ሰኞ ጠዋት ወደ ትልቁ ከተማ እስር ቤት ሊወስደው ቆረጠ። ዌንዴል ልቡ ደካማ ስለሆነ በሕይወት እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በረዶ ላይ ድንጋይ የምናንሸራትትበት የከርሊንግ ክለባችን ግን ቅዳሜ ማታውን ስሙን ከሰሌዳው ፋቀው። ቸኩለን ነበር፤ ውድድር ስለነበረብን።

እሁድ ጠዋት ሳጅን ኖሪን ዋፓስ መጣች። አጭር ሴት ናት፤ ጉንጯ ሁልጊዜ በሱፍ ፍሬ ያበጠ ነው። ቅርፊቱን በወረቀት ኩባያ ውስጥ እየተፋች ምድር ቤቱን ግማሽ ሰዓት ዞረች። ጠረጴዛው ላይ የተቀደደ የፓኬት ወረቀት፣ አምስት ካርዶች እንደተደራረቡ፣ እና በፕላስቲክ ሣጥን የታሸገች፣ የሆኪ በረኛ ምስል ያለባት አንዲት የድሮ ካርድ ነበሩ። ከአምስቱ የታችኛዋን አነሳች። የማስቲካው ሮዝ ዱቄት ብን ብሎባታል። ዱቄቱን በቀስታ አራገፈችና መብራት ስር ገለባበጠቻት።

«ቆንጆ ካርድ ናት» አለች። ወጣቱ ፖሊስ ካርድ ስታደንቅ ጊዜ የምታባክን መስሎት ሰዓቱን አየ።

መጀመሪያ የሄደችው ዌንዴል ጋ ነው። ሽማግሌው በጠባቡ ክፍል ውስጥ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል።

«አቶ ዌንዴል፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«መጀመሪያውማ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ነው» አለ። «ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ያኔ ካርድ የሚያከማች ሰው አልነበረም እኮ፤ ካርድ መጫወቻ ነው። ብስክሌት ጎማ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ታስረዋለህ፣ እንደ ሞተር ይንጣጣል። ወይም ግድግዳ ላይ ትወረውራለህ፤ ለግድግዳው የቀረበ ሁሉንም ይወስዳል። ኦርቪ የበረኛ ካርዴን ወሰደብኝ። መስመር ረግጦ ነው የወረወረው። ረግጧል!»

«ስልሳ ሦስት ዓመት አልፎታል» አለች ኖሪን።

«ረግጧል አልኩሽ።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በረኛዋ በተወሰደችበት ቀን፣ ኦርቪል ዌንዴልን እየጠራ ካርዷን ያሳየው ነበር። ማየት ብቻ። ተሸናፊው አንድ ያልተከፈተ የድሮ ፓኬት ያመጣል፤ አሸናፊው ከፍቶ ማስቲካውን ያኝካል። ማስቲካው ይቀድማል፣ ካርዶቹ ይከተላሉ። አርባ አምስት ዓመት የቆየ ማስቲካ ኖራ ኖራ ይላል፤ ኦርቪል ግን ዌንዴል ፊት ለፊት እያጣጣመ ነበር የሚያኝከው። ዌንዴል ተንኮል እንዳይሠራም ፓኬቱ ሰኞውን መጥቶ እስከ ቅዳሜ ኦርቪል ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

«ፓኬቱን ከየት ነው የሚያመጡት?»

«የሮዛሊ ሱቅ ሲዘጋ አንድ ካርቶን ገዝቼ ነበር። ከስር እጥፋቱ ላይ ሐምራዊ ማኅተሟ አለበት። ሁሉም ላይ።»

«እንዲህ እያዋረደዎት ለምን ይሄዱ ነበር?»

ዌንዴል ጫማውን አየ። «ካርዷን ለማየት ነዋ። በዓመት አንዴ ነው የማያት። ጀርባዋ ላይ የስሜን ፊደል በእርሳስ ጽፌባታለሁ። ፊደሏን ነው የሚያሳየኝ፣ እንዲያቃጥለኝ። ዘንድሮ ግን አላሳየኝም። አውራ ጣቱን ጀርባዋ ላይ ጭኖ ያዛት። ‹አርጅተሃል፣ ምን ያደርግልሃል› አለኝ። ከዚያ ፓኬቱን በጥርሱ ቀደደው፣ ማስቲካውን አፉ ውስጥ ከተተ፣ ሁለቴ ሦስቴ አኝኮ...» ኮቱን ሰብሰብ አደረገ። «ካርዶቹን አልነካቸውም። እንዳሉ ናቸው።»

ኖሪን በላስቲክ ከረጢት የያዘቻትን ካርድ አሳየችው። «ማስቲካው ስር የነበረችው ይቺ ናት። ምን ይታይዎታል?»

ሽማግሌው አፍጥጦ አየ። «ይቺ? ይቺ ከእኔ ፓኬት አልወጣችም።»

ወጣቱ ፖሊስ ከበሩ ላይ ሳቀ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ኖሪን ቀጥሎ የኦርቪልን ልጅ ዳርሊንን አነጋገረች። ዳርሊን ሃምሳ ዓመቷ ነው። አባቷን ልታስታምም ከዓመት በፊት ተመልሳ መጥታ፣ በተራው እሷን ሲያሳምማት ከርሟል። ከኖሪን ጋር በወጣትነታቸው በሆኪ ተጋጥመው ኖሪን አንድ ጥርሷን አውልቃላታለች፤ ስለዚህ አንቺ ነው የሚባባሉት።

«አልቅሰሻል?» አለች ኖሪን።

«ሽንኩርት ስከትፍ» አለች ዳርሊን፣ ድንች በሊጥ የተጠቀለለበትን የፔሮጊ ሳህን ወደ እሷ እየገፋች። «ብዪ። እሱ ሲኖር እንግዳ አይበላም ነበር።»

«ትጠይው ነበር?»

«በስምንት ዓመቴ ፈረሴን ሽጦ ካርድ ገዛበት። ከዚያ ‹አብረን እንሰብስብ› አለኝ። ፓኬት ስንከፍት ማስቲካው የእኔ፣ ካርዱ የእሱ። ካርድም ይሰጠኝ ነበር፤ አንድ ብቻ፣ የማይፈልገውን።» ተነስታ የጫማ ካርቶን አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ካርዶቹ ሁሉ አንዳች ቡናማ ነገር የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። «የእኔ ድርሻ ይኸውልሽ። የልጅነቴ ሀብት።»

ኖሪን የያዘቻትን ካርድ አሳየቻት። «ይቺስ? ማስቲካው ስር ነበረች።»

ዳርሊን አንዴ አይታ ፈገግ አለች። «ይቺን ለእኔ አይሰጠኝም ነበር።»

ኖሪን ማኘኳን አቆመች። «በሳምንቱ ውስጥ ማን መጣ?»

«ኮልቢ፣ ባለ ካርድ ሱቁ። ሐሙስ አባዬ ዓይኑን ሊታይ ሄዶ ሳለ፣ ለኢንሹራንስ ፎቶ ላንሳ ብሎ ምድር ቤት ሩብ ሰዓት ቆየ። አባዬ በጃንዋሪ የዓይን ሞራውን ተገፎ ነበር። አይ የዓይን ነገር! ሲያይ ባሰበት፤ የጽዳቴን ጉድለት ሁሉ ቆጠረልኝ። ማክሰኞ ደግሞ በስልክ ሲጮህ ሰማሁት፤ ‹እስከ ቅዳሜ! ዌንዴል ከመምጣቱ በፊት! አለዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ!› ይላል። ለዌንዴል አንድ ክፋት እያዘጋጀ ነው ብዬ ተውኩት። የተለመደ ነው።»

የኮልቢ ፍሪሰን ሱቅ ከነዳጅ ማደያው ጎን ነው። ኮልቢ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እንደ ቀዶ ሐኪም ጓንት አጥልቆ፣ ካሜራ ፊት ፓኬት እየከፈተ አገኘችው። የሩቅ ሰዎች አስቀድመው ከፍለው ዕጣቸውን በስልክ ያያሉ።

«ካርዱን ትልክላቸዋለህ?» አለች።

«አንዳንዶቹ አይፈልጉትም፣ ሳጅን። በንጽሕናው ከአሥር ደረጃ ተሰጥቶት፣ በፕላስቲክ ታሽጎ መጋዘን ይገባል። ከዚያ እዚያው እንዳለ ይሸጣል፣ ይለወጣል። የሚነካው የለም።»

«የሚያየውስ?»

«ምን ያደርግለታል? ዘመኑ ሄዷል፣ ሳጅን። የሽማግሌዎቹ ፍቅር፣ የብስክሌት ጎማ ምናምን ተረት ነው። አባቴን ተመልከቺው። እኔ ስወለድ ፋብሪካዎቹ ያለ ልክ ሲያትሙ፣ ከተማው በሙሉ ለጡረታ ብሎ በካርቶን በካርቶን ገዛ። ዛሬ ምድጃ ይለኩሱበታል።»

ይህን እኔም አረጋግጣለሁ። የእኔ ጡረታ ጥሩ ይነድዳል።

«እስቲ ይቺን ገምትልኝ» አለችና ካርዷን ሰጠችው። «ማስቲካው ስር የነበረችው ናት።»

ኮልቢ በጣቱ ጫፍ ይዞ በማጉያ መነጽር አያት። ሰውየው ሥራውን ስለሚወድ ፊቱ በራ። «አራቱም ጥግ ስለት ነው። ፊቷ መስታወት፣ ጀርባዋ ንጹሕ። ከአሥር ዘጠኝ ታገኛለች።»

«ንጹሕ» አለች ኖሪን። «እኔም እንደዚያ ነው ያየኋት።»

ከመኪናዋ ሆና ለዳኛ ደወለች። የፍተሻ ፈቃድ ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀባት።

እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ምድር ቤት ተሰበሰቡ። ዌንዴል በካቴናው፣ ዳርሊን በሽርጧ፣ ኮልቢ በስልኩ፣ ወጣቱ ፖሊስ በትዕቢቱ። እኔ ወንበር ላቀብል ገብቼ መውጣቱን ረሳሁት።

«ከማስቲካው እንጀምር» አለች ኖሪን። «በድሮ ፓኬት ውስጥ ማስቲካው የዳር ካርድ ላይ ተለጥፎ ነው የሚታሸገው። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ እዚያው ይተኛል። ካርዱ ምን ይሆናል፣ ዳርሊን?»

«ይበላሻላ» አለች ዳርሊን። «የማስቲካው ስኳርና ቅባት ሰርጎ ቡናማ ያደርገዋል። የእኔ ካርቶን ሙሉ እሱ ነው።»

«አቶ ዌንዴል?»

«ለዚህ ነው እኮ ከእኔ ፓኬት አይደለችም ያልኩት! የሰማኝ የለም እንጂ።»

ኖሪን ካርዷን አነሳች። «ማስቲካው ስር ነበረች፣ ነገር ግን እድፍ የለባትም። የተቀደደው ወረቀትም የሮዛሊ ሱቅ ማኅተም የለበትም። ስለዚህ ፓኬቱ በዚህ ሳምንት በእጅ የተሠራ ነው። የሠራው ሰው ባዶ የድሮ ወረቀትና አምስት የድሮ ካርዶች ነበሩት፤ ተራ ማስቲካ ላይ መርዙን ነስንሶ አብሮ አሸገው፤ ማስቲካ ያለበት ፓኬት ከፍቶ ግን አያውቅም። አቶ ዌንዴል ልጅነታቸው በሙሉ በዚያ አልፏል፤ እሳቸው ቢሠሩት የቆሸሸች ካርድ ያስገቡ ነበር። ዳርሊን የቆሸሸ ካርድ በካርቶን አላት። ኮልቢ፣ አንተ ስንት ፓኬት ከፍተሃል?»

«ብዙ ሺ» አለ ኮልቢ።

«ማስቲካ ያለበትስ?»

ኮልቢ ስልኩን በእጁ አገላበጠ።

«አንተ ስትወለድ ማስቲካው ቀርቷል። እድፍ ለአንተ ዋጋ የሚያወርድ ጉድለት ነው፤ የቆሸሸ ካርድ ሱቅህ ውስጥ አታስቀምጥም። ስለዚህ እጅህ እንደለመደው ንጹሑን መረጠ። ማስቲካው ስር እንደነበረች ነግሬህ እንኳ ዘጠኝ ሰጠሃት።»

«እኔ ሽማግሌውን ምን ብዬ ነው የምገድለው?» አለ ኮልቢ።

ኖሪን በፕላስቲክ የታሸገችውን በረኛ ገልብጣ ለዌንዴል አቀረበችለት። ሽማግሌው የእርሳስ ፊደሉን ፈለገ። የለም። እንደገና ፈለገ።

«ባለፈው መኸር ኦርቪል በረኛዋን ካርድ ለደረጃ እንድትልክለት ሰጠህ። ለገና አምሳያዋን አሽገህ መለስክለት። ዓይኑ ሞራ ስለነበረው አላወቀም። ጃንዋሪ ላይ ሞራው ተገፈፈ፤ የመጀመሪያ ሥራው ጀርባዋን ማየት ነበር። ማክሰኞ የጮኸው ባንተ ላይ ነው። እስከ ቅዳሜ እንድትመልስ፣ ዌንዴል ሳይመጣ። ገንዘቡ አልነበረም ያስጨነቀው። የሚያሳየው ነገር ስላጣ ነው። ቅዳሜም አውራ ጣቱን የጫነው ለዚያ ነው። አንተ ግን ልትመልስ አትችልም፤ ሸጠሃታል። ለገዢው የላክኸው ፎቶ ኮምፒውተርህ ውስጥ አለ። ፊደሏን በላጲስ አጥፍተሃታል፤ የእርሳሱ ጭረት ግን ፎቶው ላይ ይታያል።»

«ፎቶ ሰው አይገድልም።»

«አይገድልም።» ኖሪን ከኪሷ የተጣጠፈ ፎርም አወጣች። «አሁን ካዝናህን ፈትሸን የመጣን ነን። ሐሙስ ከዚህ ቁም ሣጥን የወሰድከው እውነተኛው ፓኬት በፕላስቲክ ታሽጎ እዚያ ተቀምጧል፤ ከስሩ ሐምራዊ ማኅተም አለው። ምድጃ ውስጥ ብትጥለው ዛሬ አንተን የሚይዝ ሰው አልነበረም። ሰው መግደል ቻልክ፣ ያልተከፈተ ፓኬት ማቃጠል ግን አቃተህ። የዋጋ ወረቀት ሁሉ ለጥፈህበታል።»

ኮልቢ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እንደዚህ ያለ ፓኬት እኮ አይገኝም» አለ፣ የሚረዳው ሰው እንደሚፈልግ ሁሉ። ወጣቱ ፖሊስ ካቴናውን ከዌንዴል እጅ ፈትቶ እሱ እጅ ላይ አጠለቀው። ይቅርታ ማለት ግን ረሳ። የከርሊንግ ክለቡ የዌንዴልን ስም መልሶ ጻፈ፤ ከበፊቱ አነስ ባለ ፊደል።

ኦርቪልን የቀበርነው ሐሙስ ነው። ኑዛዜው ሲከፈት የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይል ነበር፤ በረኛዋ ካርድ በሸሚዜ የደረት ኪስ ገብታ አብራኝ ትቀበር፣ ዌንዴልም ሬሳ ሣጥኑ ሲዘጋ ቆሞ ይይ። እውነተኛዋ በማይታወቅ መጋዘን ውስጥ ናት። አምሳያዋን ደግሞ ፍርድ ቤት ይዟታል።

ዌንዴል ግን መጥቶ ቆመ። ልማድ ሆኖበት ይመስለኛል።

ዳርሊን የጫማ ካርቶኗን ይዛ መጣች። ሣጥኑ ሊዘጋ ሲል እጇን ሰድዳ አገላብጣ አገላብጣ አንዷን መረጠች። ከሁሉ የባሰችው ነበረች፤ ማስቲካው የተጫዋቹን ፊት እስከ አንገቱ በልቶታል። የአባቷ የደረት ኪስ ውስጥ ከታ፣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ማን ነው?» አለ ዌንዴል በሹክሹክታ።

«እንጃ» አለች ዳርሊን። «አይታይም።»

ዌንዴል አንገቱን አስግጎ ኪሱን አየ። ከዚያ፣ ቄሱ ጸሎት ላይ ሳሉ፣ ሳቀ። አምልጦት የወጣ ሳቅ አልነበረም፤ ከልቡ፣ በሙሉ ጥርሱ፣ ክዳኑ ተዘግቶ እስኪያልቅ ድረስ ሳቀ። ዝም ያሰኘው ሰው የለም።