ተጠባባቂው

መሸሻ ከብረት መደርደሪያው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ትንፋሽ የለውም። ረዳቱ ኢፍቱ የሰርቨር ክፍሉን በራሷ ቁልፍ ከፍታ ያየችው ይህንን ነው። ኢንስፔክተር ሸዋርጋ ከጎባ ሮቤ እንደ ደረሰ የቡና ሻጮች ማኅበሩን ግቢ አስቆለፈ፤ ከዚያ በኋላ መውጣት ቀረ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩ ገጠም ሲል ራሱ ይቆለፋል፤ ከውጭ የሚከፍቱት ሁለት ቁልፎች ብቻ ናቸው። አንዱ ከሟቹ ኪስ ተገኘ፣ ሌላው የኢፍቱ ነው። ጣት ወደ ማን እንደሚቀሰር ለማወቅ እንግዲህ ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግም። ቤት የተወቻት ጨቅላ ልጇ ሳቢሪን ይህን ጊዜ እያለቀሰች ነው፤ ወተቱ የኢፍቱን ቀሚስ ማራስ ጀምሯል። ጣቢያ ካሳደሯትስ? ግድግዳው የተጠጋት መሰላት፤ ፈራች።

«ወላሂ እኔ አልነካሁትም!»

«ነካሽው አላልኩም» አለ ሸዋርጋ። «በሩን ለምን ከፈትሽ?»

«ኦቦ ቀነዓ ኔትወርክ ጠፍቷል፣ ክፈቺልኝ አለኝ።»

ቀነዓ የማኅበሩ ነባር የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ኔትወርኩ በየጊዜው ይጠፋል፤ እሱ ይጠራል፣ ገብቶ ያስነሳዋል፣ ይመሰገናል። መሸሻ አለቃው ሆኖ ሲቀጠር ቀነዓ ቁልፉን አስረክቧል እንጂ ምስጋናውን አላስረከበም።

«እውነቷን ነው» አለ ቀነዓ። «ኔትወርኩ ድርግም ሲል ሮጥኩ። ባንኳኳ መልስ የለም።»

ሸዋርጋ መደርደሪያውን አየ። የላይኛው የኔትወርክ መሣሪያ ገመዱ ተነቅሎ መብራቱ ጠፍቷል። ከሥሩ ያለው፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተላጠው፣ አረንጓዴ ያበራል።

«ይሄ አዲሱ ምንድን ነው?»

«ተጠባባቂ ነው» አለች ኢፍቱ። «ዋናው ከወደቀ ወዲያው ሥራውን ይረከባል። ዛሬ ጠዋት ከመሸሻ ጋር አገናኘናቸው። ሞክረን እስክናረጋግጥ ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነበር።»

ሸዋርጋ ወደ ሽያጭ ኃላፊዋ ዞረ። «አዴ ኦብሴ፣ እርስዎስ?»

«የሃረና ቡና ናሙና ለአዲስ አበባ ገዢ በቪዲዮ እያሳየሁ ነበር። ኢፍቱ እስክትጮህ ድረስ ሲጨቃጨቀኝ ነው የቆየው።»

አስከሬኑ ከወጣ፣ አሻራም ከተነሳ በኋላ ሸዋርጋ ሦስቱን እዚያችው ጠባብ ክፍል ሰበሰበ። ኢፍቱ ገመዱን ሰካች፤ ዋናው መሣሪያ ተነስቶ ሥራውን እስኪረከብ ጠበቁ። ኦብሴ በቢሮው ላፕቶፕ ገዢውን መልሰው ደወሉለት። ሸዋርጋ ገመዱን መዥረጥ አድርጎ ነቀለው።

«…ናሙናው ግን ጠቆር አላለብሽም?» ይላል ገዢው።

«ተቋረጠ?» አለ ሸዋርጋ።

«ኧረ አልተቋረጠም» አሉ ኦብሴ።

«ጠዋትም አልተቋረጠም። ጠፍቷል ብሎ ማመን የሚችለው ገመዱን የነቀለው ሰው ብቻ ነው። ኢፍቱ እንደማይጠፋ ታውቃለች። ለገዳዩም በሩን መሸሻ ራሱ ከውስጥ ከፈተለት፤ ሲወጣ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ ቁልፍ ያላትን ልጅ አስከፍቶ ወንጀሉን አሸከማት።» ሸዋርጋ ወደ ቀነዓ ዞረ። «ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ይጠሩህ ነበር። ዛሬ ማን ጠራህ?»

ቀነዓ የተነቀለውን ገመድ አየ።

«መሸሻ ጀርባውን ሲሰጠኝ ገመዱን ነቀልኩት፤ እንደ ሁልጊዜው» አለ። «ዞር ብሎ አየኝ። ስታጠፋው የኖርከው አንተ ነህ፣ እናገራለሁ አለኝ። ገፋሁት… ብረቱ መታው።»

ሲወስዱት ላፕቶፑ ላይ ገዢው አሁንም ይጨቃጨቃል። ኢፍቱ ሸዋርጋን ቀና ብላ አየችው።

«ልጅሽ ጋ ሂጂ» አላት።

የግቢው በር ተከፍቷል። ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ሮጠች።